በርሜሉን ልመን ወይስ ወረቀቱን? የኬሚካልን አጣዳፊ መርዛማነት ገምግሞ ምድብ መስጠት፣ ደረጃ በደረጃ

አንድ ቀለም ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ነው። ለቲነር ሌብል እንዳዘጋጅ ተጠርቼ ነበር። በሩ አጠገብ አራት በርሜል ሜታኖል ቆሟል። በርሜሎቹ ላይ የእሳት ነበልባልና የራስ ቅል ከነአጥንቱ ተለጥፏል። ከሥሩ 1230 የሚል ቁጥር አለ፤ በትራንስፖርት ላይ የሜታኖል መለያ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ ከመሳቢያቸው የተጨማደደ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። አቅራቢው የላከው የደህንነት መረጃ ሰነድ ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ኤምኤስዲኤስ የሚለው። "በአይጥ፣ በአፍ፣ ኤልዲ 50፦ 5628 ሚሊግራም በኪሎ። በአጣዳፊ መርዛማነት አይመደብም" ይላል።

"ልጄ፣ ወረቀቱ ችግር የለውም ይላል። በርሜሉ ላይ ደግሞ የሞተ ሰው ጭንቅላት አለ። የቱን ልመን?" አሉኝ።

"ለዛሬ በርሜሉን ይመኑ ጋሼ" አልኳቸው።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ውሸት አልነበረም። አይጡ ላይ የተለካው እንደዚያ ነው። ስህተቱ ቁጥሩን ከሰንጠረዥ ጋር አስተያይቶ እዚያው ማቆሙ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው መንገድ እንደዚያ ዓይነት ወረቀት እንዳትጽፉ ነው። ምሳሌዬም እስከ መጨረሻው ያው ሜታኖል ነው።

ቃሉን እንግባባ

አጣዳፊ መርዛማነት የሚባለው በአንድ ጊዜ፣ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ተከፋፍሎ በአፍ ወይም በቆዳ የገባ፣ አለዚያም ለ4 ሰዓት ያህል የተተነፈሰ ኬሚካል የሚያደርሰው ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ነው። ዓመታት ቆይቶ የሚመጣ ካንሰር፣ በፅንስ ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ አለርጂ፣ እነዚህ የየራሳቸው ምዕራፍ አላቸው።

ኤልዲ 50 ማለት ከተሞከሩት እንስሳት ግማሹን ይገድላል ተብሎ የሚሰላ መጠን ነው። ለትንፋሽ ሲሆን ኤልሲ 50 ይባላል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1927 ያመጣው ትሬቫን የተባለ እንግሊዛዊ የመድኃኒት ተመራማሪ ሲሆን፣ ዓላማው የመድኃኒቶችን ጥንካሬ ማመዛዘን ነበር። የፋብሪካ ኬሚካል መመደቢያ የሆነው ኋላ ነው።

አደገኛነትና ስጋትም ይለያያሉ። ሜታኖል በታሸገ በርሜልም ይሁን በብርጭቆ አደገኛነቱ አንድ ነው። ማን ነካው፣ ስንት ገባው፣ መስኮት ተከፍቷል ወይ የሚለው የስጋት ግምገማ ነው። እኛ አሁን የያዝነው የመጀመሪያውን ነው።

ምደባው የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ጂኤችኤስ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ አሳተመው፤ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። በሽፋኑ ምክንያት ሐምራዊው መጽሐፍ ይሉታል። አውሮፓ በ1272/2008 ደንቧ፣ አሜሪካ በ2012 የሥራ ቦታ ደንቧ ተቀብለውታል። ልዩነት ግን አለ፤ መጽሐፉ ከ1 (ከባዱ) እስከ 5 (ቀላሉ) አምስት ምድብ ሲኖረው ሁለቱም አምስተኛውን አልወሰዱም። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ሰነዱ ለየትኛው አገር እንደሆነ ጠይቁ።

1. በእጃችሁ ያለው ምን እንደሆነ አረጋግጡ

ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሜታኖልና ኢታኖል በስም የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። አንዱ ሰውን ያሳውራል፣ ሌላው ያሰክራል። ለእያንዳንዱ ኬሚካል በሚሰጠው፣ ካስ በሚባለው መለያ ቁጥር ከሄዳችሁ አትሳሳቱም፤ ሜታኖል 67-56-1፣ ኢታኖል 64-17-5 ነው። ሜታኖል "ሜቲል አልኮል" ወይም "የእንጨት አልኮል" ተብሎም ሊመጣ ይችላል።

ከዚያ ንጽህናውን፣ በውስጡ ያለውን ባዕድ ነገር፣ ፈሳሽ ወይም ዱቄት መሆኑን፣ ዱቄት ከሆነ ምን ያህል የላመ እንደሆነ ጻፉ። ፒኤች 2 እና ከዚያ በታች ወይም 11.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቆም በሉ። እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ ነገር ሥጋን ያቃጥላል፤ አይጥ ላይ ሞክሮ ስንት ገደለ ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። እሱ በቆዳ አቃጣይነት ምዕራፍ ይታያል።

2. ሦስቱን መንገዶች ለየብቻ ያዙ

አፍ፣ ቆዳ፣ ትንፋሽ። እያንዳንዱ የራሱን ምድብ ያገኛል። አንዱ መንገድ ላይ መረጃ የለም ማለት መንገዱ ደህና ነው ማለት አይደለም። መረጃ የሌለበት የሰንጠረዥ ሳጥን ባዶ ተብሎ ይጻፍ።

3. ያለውን መረጃ ቆፍሩ

ከላቦራቶሪ በፊት ዴስክ። የአውሮፓ ኬሚካሎች ኤጀንሲ የመዝገብ ሰነዶች በነፃ ይከፈታሉ። ኦኢሲዲ (የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) ያዘጋጀው ኢኬምፖርታል ደግሞ የብዙ አገሮችን መዝገብ በአንድ ቦታ ይፈልግላችኋል። እዚያ አውሮፓ በሕግ የደነገገችው ምድብ ካለ ታገኙታላችሁ። ለሜታኖል አለ፤ በሦስቱም መንገድ ምድብ 3 ነው። አጠገቡ ትንሽ ኮከብ ምልክት አለች፤ ትርጉሟ "ይህ ዝቅተኛው ነው፣ የባሰ መረጃ ካላችሁ ከፍ አድርጉ" ነው። ብዙ ሰው ኮከቧን ዘሎ ያልፋል።

ጥናት ስታገኙ ከቁጥሩ በፊት ጥናቱን እዩ። የትኛው እንስሳ? በምን ተበጥብጦ ተሰጠ? ስንት መጠን ተሞከረ፣ በየመጠኑ ስንቱ ሞተ፣ መቼ ሞተ? ክትትሉ ስንት ቀን ነበር? የትንፋሽ ከሆነ ጋዝ ነው፣ ትነት ነው ወይስ ጭጋግ፣ ለስንት ሰዓት? እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የተለመደው ደረጃ የክሊሚሽ ነጥብ ነው፦ 1 ያለ ገደብ የሚታመን፣ 2 ከነገደቡ የሚታመን፣ 3 የማይታመን፣ 4 ለመፍረድ መረጃው የማይበቃ። ምደባ በ1 እና በ2 ላይ ይቁም።

አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። ያን 5628 በኢንተርኔት ብትፈልጉት በብዙ ኤምኤስዲኤስ ላይ ታገኙታላችሁ። ብዙ ምስክር ያለው ይመስላል። አንዱ ከሌላው የገለበጠው ከሆነ ግን ምስክሩ አንድ ነው።

4. የሰው መረጃ ካለ አይጡን ወደ ኋላ አድርጉ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው።

ሜታኖል ራሱ ብዙም ገዳይ አይደለም። ጉበት ፎርማልዴሃይድ ያደርገዋል፣ ያም ወዲያው ፎርሚክ አሲድ ይሆናል። ፎርሚክ አሲዱ ነው ደምን አሲዳማ የሚያደርግ፣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ። የአይጥ ጉበት ፎሌት የተባለው ቫይታሚን በብዛት ስላለው ፎርሚክ አሲዱን ቶሎ አቃጥሎ ይገላገለዋል። የእኛ ጉበት በዚህ ፍጥነት አይችልም። ስለዚህ አይጥ የሚተርፍበት መጠን ሰውን ይቀብራል።

በሲኒ እንለካው። በሕክምና መዛግብት ላይ ተመሥርቶ፣ ሳይታከም ሰውን የሚገድለው ዝቅተኛ መጠን በኪሎ ክብደት ከ300 እስከ 1000 ሚሊግራም ተብሎ ይገመታል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንውሰድ። 300 ስንል 18 ግራም ነው፤ ወደ 23 ሚሊሊትር፣ የቡና ሲኒ ሲሶ ገደማ። 1000 ስንል 76 ሚሊሊትር ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ሲኒ። አሁን የአይጡን 5628 ለዚሁ ሰው እናባዛው፤ ከ420 ሚሊሊትር በላይ ይመጣል። ግማሽ ሊትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ወረቀቱ ልክ ነው ያለ ሰው በሲኒና በግማሽ ሊትር መካከል ያለውን ልዩነት በሰው ሕይወት ይከፍለዋል።

ደግሞ አታላይ ነው። መጀመሪያ ስካር ይመስላል፣ ከዚያ ይሻላል። ዓይን የሚደበዝዘው ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢራን ውስጥ አልኮል ኮሮናን ያድናል በሚል ወሬ ሜታኖል ያለበት መጠጥ ጠጥተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ሆስፒታል ቶሎ የደረሰ ሰው ማርከሻ አለው፤ ፎሜፒዞል ወይም በሐኪም ቁጥጥር የሚሰጥ ኢታኖል።

ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ነው፦ ታማኝ የሰው መረጃ የባሰ አደገኛነት ካሳየ ምድቡን እሱ ይወስናል። ሜታኖል በአፍ ምድብ 3 የሆነው በዚህ ነው፤ የግምቱ ዝቅተኛ ጫፍ 300 በትክክል የምድብ 3 ጠርዝ ላይ ይቀመጣል (ሰንጠረዡ ደረጃ 6 ላይ አለ)። ኤቲሊን ግላይኮልም ወንድሙ ነው። በአይጥ ካየነው ኤልዲ 50ው ከ2000 በላይ ነው፣ አውሮፓ ግን በሰው ላይ ባደረሰው ጉዳት ምድብ 4 ሰጥታዋለች። የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባው አንቱፍሪዝ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ተቃራኒው ግን አይሠራም። "እኛ ጋ እስከ ዛሬ ማንም አልሞተም" የሰው መረጃ አይደለም።

5. መረጃ ከሌለስ?

መጀመሪያ ዘመዶቹን ፈልጉ። በኬሚካል አወቃቀሩ የሚመሳሰል፣ ሰውነት ውስጥም በተመሳሳይ መንገድ የሚፈርስ ኬሚካል ካለ የእሱን መረጃ መዋስ ይቻላል። "በተመሳሳይ መንገድ የሚፈርስ" የሚለውን አስምሩበት። ሜታኖልና ኢታኖል በወረቀት ላይ ታናሽና ታላቅ ናቸው፣ ሰውነት ውስጥ ግን የሚወልዱት ሌላ ሌላ ነው። በኮምፒውተር የሚሠሩ የትንበያ ሞዴሎችም አሉ፤ የኦኢሲዲው ቱልቦክስ በነፃ ይገኛል። እኔ ለብቻው አላምነውም፤ ከሌላ ማስረጃ ጋር ሲደመር ግን ይጠቅማል።

የእንስሳ ሙከራ የመጨረሻው በር ነው። የሚሠራውም ጂኤልፒ የተሰኘውን የላቦራቶሪ ጥራት ሥርዓት የሚከተል፣ የእንስሳት አያያዝ ፈቃድ ያለው ተቋም ብቻ ነው። የእናንተ ድርሻ ትክክለኛውን ዘዴ ማዘዝና ሪፖርቱን ማንበብ ነው። የድሮው የሙከራ መመሪያ ቁጥር 401 ብዙ እንስሳ ስለሚፈጅ ኦኢሲዲ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ሰርዞታል። ዛሬ ለአፍ ሦስት አማራጮች አሉ፦ 420፣ 423 እና 425።

423ን በቅርብ እንየው። ሦስት ሴት አይጦች ይመረጣሉ። ከማታ ጀምሮ ምግብ አይሰጣቸውም፣ ውሃ ግን አይከለከሉም። ጠዋት ይመዘናሉ። መነሻ መጠኑ ከ5፣ 50፣ 300 እና 2000 አንዱ ነው፤ ፍንጭ ከሌለ 300። 200 ግራም የምትመዝን አይጥ 60 ሚሊግራም ይደርሳታል ማለት ነው። በ2 ሚሊሊትር ተበጥብጦ በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ሆዷ ይገባል። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቢያንስ አንዴ ትታያለች፤ የመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት ልዩ ትኩረት ይፈልጋሉ። ከዚያ በየቀኑ፣ እስከ 14 ቀን። ጸጉር መቆም፣ መንቀጥቀጥ፣ ምራቅ መዝረብረብ፣ የአተነፋፈስ ለውጥ ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘገባል። ስቃዩ የበረታባት እንስሳ በሰብዓዊ መንገድ እንድትሞት ይደረጋል፤ እንደ ሞተችም ትቆጠራለች። ሁለት ወይም ሦስት ከሞቱ ወደ 50 መውረድ፤ አንድ ወይም ዜሮ ከሆነ በዚያው 300 ሌላ ሦስት። በመጨረሻ ሁሉም ይከፈታሉ፣ ውስጣቸው ይታያል።

ሪፖርቱን ስታነቡ "ስንት ሞተ" ላይ አትቁሙ። የሞት ሰዓቱን እዩ። በአንደኛው ቀን ሳይሆን በስድስተኛው የሞተች አይጥ ብዙ ትናገራለች።

ለቆዳ 402፣ ለትንፋሽ 403፣ 433 እና 436 አሉ። በአፍ ከ2000 በላይ ከሆነ የቆዳው ሙከራ ብዙ ጊዜ ይቀራል።

6. ቁጥሩን ወደ ምድብ ቀይሩ

እዚህ ጋ የሚገባው ቁጥር ኤቲኢ ይባላል፤ የአጣዳፊ መርዛማነት ግምት ማለት ነው። ኤልዲ 50 ሊሆን ይችላል፣ የሰው መረጃም ሊሆን ይችላል።

በአፍ፣ በሚሊግራም በኪሎ፦ እስከ 5 ምድብ 1፣ እስከ 50 ምድብ 2፣ እስከ 300 ምድብ 3፣ እስከ 2000 ምድብ 4፣ እስከ 5000 ምድብ 5።
በቆዳ፦ 50፣ 200፣ 1000፣ 2000፣ 5000።
ጋዝ፣ በፒፒኤም (ከሚሊዮን ውስጥ ስንት እጅ)፦ 100፣ 500፣ 2500፣ 20000።
ትነት፣ በሚሊግራም በሊትር፦ 0.5፣ 2፣ 10፣ 20።
አቧራና ጭጋግ፣ በሚሊግራም በሊትር፦ 0.05፣ 0.5፣ 1፣ 5።

ጠርዙ ወደ ከባዱ ምድብ ይገባል። 300 ራሱ ምድብ 3 ነው፣ 301 ምድብ 4።

የትንፋሽ ቁጥሮች ለ4 ሰዓት ናቸው። የ1 ሰዓት ጥናት ከያዛችሁ ለጋዝና ለትነት ለ2፣ ለአቧራና ለጭጋግ ለ4 አካፍሉ። የ1 ሰዓት የአቧራ ኤልሲ 50 3 ሚሊግራም በሊትር ከሆነ 0.75 ይመጣል፤ ምድብ 3 ነው። ሳያካፍል የጻፈ ሰው ምድብ 4 ይለዋል።

ፒፒኤምን ወደ ሚሊግራም በሊትር ለመቀየር በሞለኪውል ክብደቱ አባዝታችሁ ለ24450 አካፍሉ፤ ይህ በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው። የሜታኖል ትነት ኤልሲ 50 በአይጥ 64000 ፒፒኤም ነው። በ32.04 ሲባዛና ሲካፈል ወደ 84 ይመጣል። ከ20 በላይ ስለሆነ በአይጡ ዓይን ምድብ የለውም። ያው ታሪክ ተደገመ።

7. ድብልቅ ሲሆን

ፋብሪካ ውስጥ ንጹሕ ኬሚካል ብርቅ ነው። ድብልቁ ራሱ ካልተሞከረ ይህን ቀመር ተጠቀሙ፦

100 ÷ የድብልቁ ኤቲኢ = የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር (መቶኛ ÷ የራሱ ኤቲኢ) ድምር

የዚያን ቀኑ ቲነር 20 በመቶ ሜታኖል፣ 40 በመቶ ቶሉይን፣ 40 በመቶ አሴቶን ነበር። ቶሉይንና አሴቶን በአውሮፓው ዝርዝር በአጣዳፊ መርዛማነት ምድብ ስለሌላቸው ከድምሩ ይወጣሉ። ሜታኖል ይቀራል። ምድቡን ብቻ ስታውቁ መጽሐፉ የሚሰጠው መተኪያ ቁጥር አለ፤ በአፍ ለምድብ 3 እሱ 100 ነው። 20 ÷ 100 = 0.2። ድብልቁ 500 ይሆናል፤ ምድብ 4። በቆዳ መተኪያው 300 ነው፣ 1500 ይመጣል፤ ምድብ 4። በትነት 3 ነው፣ 15 ይመጣል፤ አሁንም 4። በአይጡ 5628 ብሰላው ኖሮ 28140 አግኝቼ ቲነሩን ነፃ አወጣው ነበር።

በመተኪያው ፈንታ የሰውን 300 ብወስድ በአፍ 1500 ይሆናል፣ ምድቡ አይለወጥም። ሜታኖሉ 40 በመቶ ቢሆን ግን ይለያያሉ፦ በ100 ሲሰላ 250፣ ምድብ 3፤ በ300 ሲሰላ 750፣ ምድብ 4። ለዚህ ነው የትኛውን ቁጥር ለምን እንደወሰዳችሁ መጻፍ ያለባችሁ።

መርዛማነቱ የማይታወቅ ንጥረ ነገር ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ 100ው ላይ ይቀነሳል። 15 በመቶ የማይታወቅ ቢኖር 85 ÷ 0.2 = 425። ሌብሉ ላይም "15 በመቶው መርዛማነቱ ያልታወቀ ንጥረ ነገር ነው" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ማንም ፋብሪካ ይህን ዓረፍተ ነገር አይወደውም።

8. ሌብልና ማስታወሻ

ከምድብ 1 እስከ 3 የራስ ቅልና "አደጋ" የሚል ቃል። ምድብ 4 ቃለ አጋኖና "ጥንቃቄ"። ምድብ 5 ምልክት የለውም፣ "ጥንቃቄ" ብቻ። ሌብሉ ላይ የሚጻፉት የአደጋ ዓረፍተ ነገሮች ኤች የሚል ኮድ አላቸው፤ የአፍ ከኤች 300 ይጀምራሉ፦ ምድብ 1 እና 2 "ቢዋጥ ይገድላል"፣ ምድብ 3 "ቢዋጥ መርዛማ ነው"፣ ምድብ 4 "ቢዋጥ ይጎዳል"። ለቆዳ 310ዎቹ፣ ለትንፋሽ 330ዎቹ።

እዚህ ላይ ቸኩላችሁ ሌብሉን አትዝጉ። አጣዳፊ መርዛማነት አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው። ሜታኖል ከ10 በመቶ ጀምሮ የአካል ክፍል ጎጂ ተብሎ በሌላ ምዕራፍ ምድብ 1 ይገባል። ስለዚህ ቲነሩ ቃሉ "ጥንቃቄ" ሳይሆን "አደጋ" ሆነ፤ ደረቱ ላይ ኮከብ የፈነዳበት ሰው ምልክትም ተጨመረ። የቶሉይን ጣጣ፣ የእሳቱም ጉዳይ ለብቻው ነው።

በማስታወሻው ላይ ለየመንገዱ፦ የተጠቀማችሁት ቁጥር፣ ምንጩ፣ የክሊሚሽ ነጥቡ፣ የጣላችሁት ጥናትና የጣላችሁበት ምክንያት፣ ስሌቱ፣ ቀኑ። የጣላችሁትን መጻፍ አትርሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሰው 5628ን ይዞ "ተሳስታችኋል" ብሎ መምጣቱ አይቀርም።

ወረቀቱን ጨርሼ ወደ መጋዘኑ ስመለስ ጋሼ አዲሱን ሌብል በጥሞና አዩት። "ጭንቅላቱ የት ሄደ?" አሉኝ። እሱ በርሜሉ ላይ እንደሚቀር፣ ቲነሩ ላይ ደግሞ ደረቱ የፈነዳው ሰውዬ እንደተተካ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከኪሳቸው ወፍራም ማርከር አውጥተው አራቱም በርሜል ላይ በትልቁ ጻፉ፦ "አረቄ አይደለም"።